የአሮጌ ሾትገን ቾክ ይስፋ ወይስ በታኝ ጥይት ይበቃል? ብረቱን ከመንካታችሁ በፊት የሚሠራው ሥራ

አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜን ሚኒሶታ ጫካ ውስጥ ግራውስ የሚባል ወፍ አለ። ቆቅን የሚያውቅ ሰው የግራውስን ጠባይ ለመገመት አይቸገርም። ልትረግጡት እስክትደርሱ ድረስ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ክንፉን እያርገበገበ ከእግራችሁ ሥር ብድግ ይላል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ዛፍ ጀርባ ገብቷል። የምትተኩሱት 12 ወይም 15 ሜትር ላይ ነው።

እኔ ደግሞ የያዝኩት ለሩቅ የተሠራ ጠመንጃ ነበር። ስቲቨንስ 311 ይባላል፤ 12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው)፣ ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፈሙዝ። በመጀመሪያው መኸር አብዛኛውን ሳትኩ። አንዱን በደንብ መታሁት። ሳነሳው ለወጥ የሚሆን ሥጋ አልነበረውም፤ ፍሬዎቹ በሙሉ አንድ ቦታ አርፈውበታል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ቾኩን አስከፍተው።» ምክሩ ስህተት አይደለም። ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከበርሜል የተላገ ብረት ግን አይለቀምም። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ በወረቀት ላይ መተኮስ፣ ከዚያ በታኝ ጥይት መሞከር ነው። ብረት የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ካስፈለገ።

ቾክ ምንድን ነው?

እዚህ ቾክ የምንለው የጠመንጃውን በርሜል ጫፍ ጥበት ነው። ሾትገን የሚተፋው አንድ ጥይት ሳይሆን በመቶ የሚቆጠሩ የእርሳስ ፍሬዎችን ነው። በርሜሉ አፈሙዙ አካባቢ ትንሽ ሲጠብ ፍሬዎቹ ተሰብስበው ሩቅ ይሄዳሉ። ካልጠበበ ቶሎ ይበተናሉ።

ጥበቱ በጣም ጥቂት ነው። የ12 ጌጅ በርሜል ውስጡ በስሌት 18.5 ሚሊሜትር ነው። ፉል የሚባለው ጠባቡ ቾክ ከዚህ ላይ 0.9 እስከ 1 ሚሊሜትር ይቀንሳል። ሞዲፋይድ 0.5 ያህል፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 0.25፣ ስኪት ደግሞ 0.13 ያህል ነው። ሲሊንደር ጨርሶ አይጠብም። አንድ ተራ የማተሚያ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ በፉልና በስኪት መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ዘጠኝ ወረቀት ደርቦ እንደመያዝ ነው። ሙግቱ ሁሉ በዚህች ጥቂት ብረት ላይ ነው።

የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን በሺኛ ኢንች ነው የሚቆጥሩት። 40 ሺኛ ማለት 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ወርክሾፕ ስትገቡ «ሠላሳ አምስት ነው፤ ወደ አስር አውርዱልኝ» ካላችሁ ይገባቸዋል።

አሮጌ ጠመንጃ ለምን ከተጻፈበት በላይ ይጠባል?

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይህ ነው። ከ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንደዚያው ናቸው) በፊት በባሩዱና በፍሬዎቹ መካከል የሚገባው ከጨርቅ መሰል ነገርና ከካርቶን የተሠራ ዋድ የሚባል ክብ መለያ ነበር። ፍሬዎቹ በርሜሉን እየታከኩ ይወጡ ነበር። ዳር ያሉት ይጨፈለቃሉ። የተጨፈለቀ ፍሬ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ከመንጋው ይወጣል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፕላስቲክ ኩባያ ያለው ዋድ መጣ። ፍሬዎቹ ኩባያው ውስጥ ተቀምጠው፣ ብረት ሳይነካቸው፣ ክብነታቸውን ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ በ1930ዎቹ የተሠራ ፉል ቾክ በዛሬ ጥይት ሲተኮስ ሠሪው ካሰበው በላይ ይሰበስባል። ጠመንጃው አልተለወጠም፤ ጥይቱ ነው የተለወጠው። መፍትሔውንም መጀመሪያ ጥይቱ ላይ መፈለግ ያለብን ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ ጠመንጃው መተኮስ ይችላል ወይ?

ጠመንጃውን ክፈቱ። ሁለቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። የፊት እጀታ እንጨቱን አውልቁና በርሜሎቹን ለዩ።

ገበያ ላይ ድስት ስንገዛ አንኳኩተን እናዳምጥ የለ? እዚህም እንደዚያው ነው። በርሜሎቹን ከመንጠቆው በገመድ አንጠልጥሉና በእንጨት ማንኪያ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። እንደ ደወል ጥርት ያለና የሚቆይ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ከደነቆረ በሁለቱ በርሜሎች መካከል ያለው ብየዳ ለቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቾኩን እርሱት፤ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

በርሜሉ ላይ የተጠመዘዘ ወይም እንደ እንጨት ጅማት ያለ ጥለት ካያችሁ ደማስቆ የሚባለው ዓይነት ነው። በዘመናዊ ጥይት አትተኩሱት። እንዲህ ያለውን በቅርብ የሚያውቅ ባለሙያ በእጁ ይዞ ካልፈቀደ በቀር ግድግዳ ላይ ይቀመጥ።

ቀጥሎ የጥይት ማደሪያው ርዝመት ነው። የዛሬው የ12 ጌጅ መደበኛ ጥይት 2¾ ኢንች ነው፤ 70 ሚሊሜትር ማለት ነው። ብዙ የድሮ እንግሊዝ ጠመንጃዎች 2½፣ አንዳንድ የድሮ አሜሪካ ጠመንጃዎች ደግሞ 2⅝ ናቸው። ወጥመዱ ጥይቱ አጭሩ ማደሪያ ውስጥም ሰተት ብሎ መግባቱ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ርዝመት ተተኩሶ አፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነውና። ሲተኮስ አፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱም ይጨምራል። «ገባ እኮ» ማለት ማረጋገጫ አይደለም። በመለኪያ ይለካ።

ሁለተኛ፦ ቾኩን ለኩ

ዳይም የሚባለውን የአሜሪካ አስር ሳንቲም አፈሙዙ ላይ አድርገው «ካልገባ ፉል ነው» የሚሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። ዳይም ስፋቱ 17.9 ሚሊሜትር ነው። የድሮ በርሜሎች ግን ውስጣቸው ሁሉም 18.5 አይደለም። በርሜሉ 18.8 ሆኖ አፈሙዙ 17.9 ቢሆን ዳይሙ ገባ አልገባ ሊሆን ይችላል፤ ጥበቱ ግን 0.9 ነው፤ ፉል።

ቾክ ማለት በበርሜሉ ውስጥና በአፈሙዙ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ሁለት ልኬት ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከጫፍ። ለዚህ የበርሜል መለኪያ ያለው ባለሙያ ጋ ውሰዱት። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እግረ መንገዱን የአፈሙዙን ግድግዳ ውፍረት እንዲለካላችሁና ውስጡ ክሮም የተቀባ መሆን አለመሆኑን እንዲያይላችሁ ጠይቁ። ኋላ ይጠቅማል።

ቾኩን ለማመልከት በርሜል ላይ የተቀረጸውን ኮከብ አትመኑ። ቤሬታ ላይ ሁለት ኮከብና ብራውኒንግ ላይ ሁለት ኮከብ አንድ ነገር አይደሉም። የሰባ ዓመት ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ በመካከል ማን እንደነካው አይታወቅም።

የእኔው ስቲቨንስ ቀኙ 22 ሺኛ፣ ግራው 38 ሺኛ ሆኖ ተገኘ። ቀኙ ሞዲፋይድ፣ ግራው ድርቅ ያለ ፉል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ወረቀት ላይ ተኩሱ

ይህን ሥራ ሳትሠሩ ወደ ቀጣዩ እንዳትሄዱ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሙሉ መልሱ ግን እዚህ ነው ያለው።

የምትፈልጉት ቢያንስ 120 በ120 ሴንቲሜትር የሆነ ወረቀት ነው። ከጥቅል የሚቆረጥ የማሸጊያ ወረቀት ይበቃል። አሥራ አምስት ያህል አዘጋጁ። መሐሉ ላይ የቡጢ መጠን ያለው ነጥብ ሳሉ። በተፈቀደ የመተኮሻ ቦታ፣ ከኋላው የአፈር ክምር ባለበት ስቀሉት። የዓይንና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ጠረጴዛው ላይ የ12 ጌጅ ጥይት ብቻ ይኑር። ቀጭኑ የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይሰካል። ከኋላው 12 ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ርቀቱን ምረጡ። መደበኛው መመዘኛ 40 ያርድ ነው፤ 36.6 ሜትር። በዚያ ርቀት 76 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ፉል 70 በመቶ፣ ሞዲፋይድ 60፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ሲሊንደር 40 በመቶ ፍሬ ያሳርፋል። ጠመንጃችሁን ከሌላ ጋር ለማወዳደር ጥሩ ነው። ግን እናንተ የምትተኩሱት 18 ሜትር ላይ ከሆነ ወረቀቱንም 18 ሜትር ላይ ስቀሉት። ያኔ የምታዩት የራሳችሁን ችግር ነው።

ለእያንዳንዱ በርሜልና ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት ቢያንስ አምስት አምስት ወረቀት ተኩሱ። በአንድ ወረቀት አትፍረዱ፤ ሾትገን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ምስል አይሰጥም። ወረቀቱን ባወረዳችሁ ቁጥር በርሜሉን፣ ጥይቱን፣ ርቀቱንና ቀኑን ጻፉበት። ኋላ አስታውሳለሁ አትበሉ።

ክቡ የሚሳለው ከተተኮሰ በኋላ ነው። ፍሬዎቹ በብዛት ያረፉበትን መሐል ፈልጉ። እዚያ ምስማር ተክላችሁ 38 ሴንቲሜትር ክር ላይ እርሳስ አስራችሁ አዙሩ። 40 ያርድ ላይ ከሆነ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። 28 ግራም፣ ማለትም 1 አውንስ፣ ቁጥር 8 (የፍሬው መጠን ቁጥር ነው) እርሳስ 410 ያህል ፍሬ አለው። ክቡ ውስጥ 287 ካገኛችሁ 70 በመቶ ነው። 350 ካገኛችሁ ከፉልም በላይ እየሰበሰበ ነው። የድሮ በርሜል በዘመናዊ ጥይት እንዲህ ሲያደርግ አትደነቁ።

18 ሜትር ላይ መቁጠር ከባድ ነው፤ መሐሉ ተቦድሶ ይወድቃል። እዚያ ስፋቱን ለኩ። በግምት ፉል 40፣ ሞዲፋይድ 50፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 65፣ ሲሊንደር 80 ሴንቲሜትር ይሰጣል። የክቡ መሐል ካነጣጠራችሁበት ነጥብ ምን ያህል እንደራቀም ጻፉ። ሁሉም ወረቀት ላይ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ችግሩ የቾክ መጥበብ ብቻ አይደለም።

አራተኛ፦ በታኝ ጥይት ሞክሩ

በታኝ ጥይት፣ በእንግሊዝኛው ስፕሬደር የሚባለው፣ ፍሬዎቹ ከአፈሙዝ እንደወጡ እንዲለያዩ ተደርጎ የተሠራ ነው። አሠራሩ የተለያየ ነው። ፖሊዋድ የሚባለው ድርጅት ስፕሬድ-አር ውስጥ የሚያስገባው ክብ ሳህን ከመሐሏ ምሰሶ የወጣላት ትንሽ ፕላስቲክ ናት። ምሰሶዋ ፍሬዎቹ መሐል ትቀመጣለች፤ ከአፈሙዝ ሲወጡ ወደ ጎን ትገፋቸዋለች። ሌሎች የመስቀል ቅርጽ ያለው መከፋፈያ ያስገባሉ። ሌሎች ደግሞ ኩባያውን ጨርሰው አውጥተው እንደ ድሮው ያደርጉታል። እንግሊዝ አገር የፋይበር ዋድ ጥይት እስከ ዛሬ በሰፊው ይሸጣል፤ ገበሬው ማሳው ላይ ፕላስቲክ እንዲበተን አይፈልግም። ይህ ከበታኝ ጥይት ያነሰ፣ ከተራው ግን የተሻለ ይከፍታል።

ሁለት ዓይነት በታኝ ጥይት፣ ከእያንዳንዱ አንድ ሳጥን ብቻ ግዙ። ርዝመቱ ለማደሪያችሁ ልክ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ሦስተኛውን ደረጃ እንዳለ ድገሙት፤ ያው ርቀት፣ ያው ወረቀት፣ ያው አምስት አምስት።

ጥሩ በታኝ ጥይት ቾኩን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ያሰፋዋል። የእኔ ቀኝ በርሜል 18 ሜትር ላይ በተራው ጥይት 50 ሴንቲሜትር ነበር የሚሰጠው፤ በበታኙ 68 ሆነ። ሁለተኛው ዓይነት ግን መሐሉ ላይ የሳህን መጠን ያለው ባዶ ቦታ ትቶልኝ ነበር። አንድ ዓይነት ጥይት በአንዱ ጠመንጃ ተመችቶ በሌላው ሊበላሽ ይችላል። ወረቀቱን የሚተካ ነገር የለም።

ድክመቱንም እንወቅ። ዋጋው ከተራው ይበልጣል። በየሱቁ አይገኝም። ከ25 ሜትር በኋላ ፍሬው ሳስቶ ወፍ የሚያቆስል እንጂ የሚጥል አይሆንም፤ ይሄ ያሳዝነኛል፤ የቆሰለ ወፍ ጫካ ገብቶ ይሞታል።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ቀኝ በርሜል ውስጥ በታኝ፣ ግራ ውስጥ ተራ አስገቡ። ወፉ አጠገባችሁ ሲነሳ ቀኙ አለ፤ ከራቀ ግራው። እኔ በታኞቹን በቀኝ ኪሴ ብቻ ነው የምይዘው። ቂጣቸውም ላይ በማርከር ጥቁር ነጥብ አደርጋለሁ። በብርድ ደንዝዞ ያለ ጣት ጥይት ከጥይት አይለይም።

አምስተኛ፦ አሁን ወስኑ

ጠመንጃው ፓርከር፣ ፎክስ ወይም ኤል ሲ ስሚዝ የሚባሉት ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው የድሮ አሜሪካ ጠመንጃዎች ከሆነና ቾኩ እንደ ፋብሪካው ካለ አትንኩት። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተነክቷል ወይ?» ብሎ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ሳጥን የምትተኩሱ ከሆነም በታኝ ጥይት ይበቃችኋል። የአፈሙዙ ግድግዳ ስስ ነው ከተባላችሁ ያው ነው። ክሮም የተቀባ ከሆነ መላጊያ አይቀበልም፤ ባለሙያው ካልደፈረ አትጫኑት።

ማስፋት የሚያዋጣው ጠመንጃው ተራ የሥራ ጠመንጃ ሲሆን፣ ብዙ ስትተኩሱና ርቀታችሁ ሁልጊዜ ቅርብ ሲሆን ነው። በየሳምንቱ ስኪት የሚባለውን የሸክላ ዒላማ ተኩስ የሚተኩስ ሰው በበታኝ ጥይት አይዘልቅም። ሒሳቡ ቀላል ነው። የበታኝ ሳጥን ዋጋ ላይ የተራውን ቀንሱ። ልዩነቱን በዓመት በምትተኩሱት ሳጥን አባዙ። ባለሙያው ከሚጠይቃችሁ ዋጋ ጋር አስተያዩት። እኔ ሁለት መኸር በበታኝ ከተኮስኩ በኋላ ነው ስኪት የጀመርኩት። ያኔ ሒሳቡ ተገለበጠ፤ ስቲቨንሱን አስከፈትኩት።

በእርሳስ ፈንታ ስለሚገባው ስቲል (የብረት) ፍሬ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ ዳክዬና ዝይ በእርሳስ ማደን በመላ አገሪቱ ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 (እንደ ፈረንጆቹ) ወዲህ ለማንኛውም አደን ከልክላለች። ሰዎች ቾኩን ካሰፋሁ ስቲል እተኩሳለሁ ይላሉ። አይሆንም። ስቲል ፍሬ እንደ እርሳስ አይጨመቅም፤ የድሮ በርሜል ብረትም ለእሱ አልተሠራም። ለአሮጌ ጠመንጃ ከእርሳስ ሌላ ካስፈለገ ቢስመዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ ከስቲል ይልቅ ለስላሳ ነው።

ስድስተኛ፦ ማስፋት ከመረጣችሁ

ሁለቱንም አታስከፍቱ። የፊተኛው ቃታ አብዛኛውን ጊዜ ቀኙን በርሜል ነው የሚተኩሰው፤ መጀመሪያ የሚተኮሰውም፣ ለቅርብ የሚሆነውም እሱ ነው። እሱ ብቻ ይከፈት። ግራው እንዳለ ይቆይ።

ሥራው የሚሠራው ከአፈሙዝ በኩል በሚገባ መላጊያ ነው። መላጊያው ከፊቱ መሪ ዘንግ አለው። መሪው በበርሜሉ ውስጥ ልክክ ብሎ ሲሄድ የሚላገው ቦታ ከበርሜሉ መሐል ፈቀቅ አይልም። ባለሙያውን በመጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው፦ «መሪው ለእኔ በርሜል ልክ ነው ወይ?» አንድ ወዳጄ ይህን ሳይጠይቅ ከአንድ ወርክሾፕ ጠመንጃውን ተረከበ። ቾኩ ሰፍቷል። ግን ወደ አንድ ጎን ተበልቷል። አሁን 30 ሜትር ላይ አንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ይመታል። ብረት ስለማይጨመር ማንም ሊያስተካክልለት አልቻለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «በደረጃ ትሠሩልኛላችሁ ወይ?» ነው። ከ22 ወደ 8 በአንድ ጊዜ አይወረድም። መጀመሪያ ወደ 14 ይውረድ፤ ወረቀት ላይ ተኩሱ። ከዚያ ወደ 10፤ ተኩሱ። የምትቆሙት ቁጥሩ ሲያምር ሳይሆን ወረቀቱ ሲያምር ነው። የምትተኩሱት ወቅቱን ሙሉ በምትጠቀሙበት ጥይት ይሁን። መመላለሱን የማይወድ ባለሙያ ይኖራል። ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

በድሪል ጫፍ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሎ ቤት ውስጥ መሞረድ የሚባል ነገር አለ። አታድርጉት። አፈሙዙ የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ጫፉን በመጋዝ መቁረጥ ደግሞ የባሰ ነው። ቾኩ ያለው መጨረሻዋ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ስለሆነ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ከሆነ በበርሜሎቹ መካከል ክፍተት ይወጣል። ከሁሉም በላይ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በርሜሉ ከ18 ኢንች ካጠረ፣ ወይም ተቆርጦ አጠቃላይ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ካነሰ፣ በ1934ቱ ሕግ መሠረት አስቀድሞ ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ከባድ ወንጀል ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ተፈትሎ የሚገባ ተለዋዋጭ ቾክ ማስገጠም። ሂውስተን ያለው ብራይሊ የሚባለው ድርጅት ለስስ በርሜል የሚሆኑትንም ይሠራል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን በቂ የግድግዳ ውፍረት ይፈልጋል፤ ወጪውም ከማስፋት ይበልጣል። ለስቲቨንስ 311 ከጠመንጃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ ጠመንጃውን ተቀብላችሁ ወደ ጫካ አትሂዱ። መጀመሪያ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ያው 18 ሜትር፣ ያው ክር፣ አምስት ወረቀት። የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን መሬት ላይ ዘርጉና እዩ። የእኔው በ9 ሺኛ ላይ ቆመ፤ በተራ ጥይት 66 ሴንቲሜትር ይሰጣል፤ መሐሉም ከነጥቡ አልሸሸም። ግራው በርሜል አሁንም 38 ነው። የቀሩትን ሁለት ሳጥን በታኞች ለእሱ አስቀምጬአቸዋለሁ።